ስለ ሲዲ ሬዜግ ውጊያ ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጋን ከጣሊያን ካስለቀቁት ጦሮች አንዱ የደቡብ አፍሪካ 5ኛ ብርጌድ ነበር። ያ ብርጌድ በዚያው በፈረንጆቹ 1941 ሊቢያ በረሃ ላይ፣ ሲዲ ሬዜግ በተባለው ቦታ፣ እንዴት እንዳለቀ ማወቅ ፈልገሃል። የመጻሕፍቱ ካርታ እርስ በርሱ እየተጋጨ አስቸገረኝም ብለሃል። እኔም እዚሁ ጅማ ሆኜ ይህንኑ ውጊያ ስከታተል ቆይቻለሁና የሠራልኝን ልንገርህ።

ከጄኔራሎቹ አትጀምር፤ ከሻለቃ ጦር ጀምር። ጄኔራሉ የሚተርክልህ ዕቅዱን ነው። የሻለቃ ጦር ታሪክ ግን የትኛው የሻምበል ጦር በስንት ሰዓት የት እንደነበር ይነግርሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። ብርጌዱ በጀርመኖች የተደመሰሰው ኅዳር 14 ቀን 1934 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1941)፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዉ ከግማሽ በላይ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። የዚያ ዕለት ታሪኩ የተጻፈው ኋላ ላይ፣ የተረፉት ካስታወሱት ነው። ጀርመኖቹ ጋ ስትሄድም ችግር አለ። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ከእንግሊዝ ወገን የተሰለፉት ኒውዚላንዶች የአፍሪካ ኮርን (በሰሜን አፍሪካ የነበረውን የጀርመን ጦር) ዋና መምሪያ ማርከዋል። አዛዡ ክሩቬል ያመለጠው ቀደም ብሎ ስለወጣ ነው። የሁለቱም ወገን መምሪያ በአንድ ቀን ጉድ ሆነ! ካርታዎቹ የሚጋጩት በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ ማንን እንመን? ጎረቤቱን። የኒውዚላንድ 26ኛ ሻለቃ ከብርጌዱ ጋር እንዲገናኝ ተልኮ ጥፋቱን በቅርብ ርቀት አይቷል፤ ማታ ወደ ወገኑ ተመልሷል። 25ኛው ሻለቃ ደግሞ ያኔ ነጥብ 175 የተባለውን ጉብታ እያጠቃ ነበር፤ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰው ሞቶበታል። የኒውዚላንድ ሻለቆች ታሪክ በዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል። ኔትወርክ ደህና ሲሆን የሚያስፈልግህን ምዕራፍ አውርድና ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርገው። ስክሪን ላይ እያዩ ካርታ መሥራት አይሆንም።

እኔ የምሠራው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን አስቀምጥ፦ የሲዲ ሬዜግ የሼኹ መቃብር፣ እዚያው ያለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ነጥብ 175። ቁጥሩ ከፍታው ነው፣ በሜትር። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ትንሽ ጉብታ የያዘ ብዙ ያያልና ከፍታዎቹን አትዝለል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሻለቃ የራሱን ቀለም ስጥ። ከቦታው አጠገብ ሰዓቱን፣ ከሰዓቱ አጠገብ ደግሞ «ያኔውኑ የተጻፈ» ወይም «ኋላ የተጻፈ» ብለህ ምልክት አድርግ። ሁለት ወሬ ሲጋጭብህ የምትዳኘው በዚህች ምልክት ነው።

ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር አትቀይረው፣ 1500 ከሆነ 1500 ብለህ ተወው። የጀርመንና የእንግሊዝ ሰዓት አልገጥም ካለህ ፀሐይ የጠለቀችበትን ከሁለቱም ፈልገህ አስተካክል።

የእንግሊዝ ጦር የውሎ መዝገቦች ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ናቸው፤ ለጊዜው እለፋቸው። ይልቅ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በክፍሉ ስምና በዕለቱ ቀን ፈልግ። የሟቾቹ ዝርዝር ይወጣልሃል። የትኛው ሻለቃ በየትኛው ቀን ክፉኛ እንደተመታ ከዚያ ታያለህ፣ ከካርታህ ጋርም ታመሳክረዋለህ።