ቴፑን የዘጋሁበት ቦታ

ሰሞኑን አንዲት የታሪክ ተማሪ «አባቴን ስለ ጦርነቱ ልቀርጸው ነው፤ ሰው ገድሎ እንደሆነ እንዴት ብዬ ልጠይቀው?» አለችኝ። ጥያቄዋ አንድ ካሴት አስታወሰኝ።

ባለ 60 ደቂቃ ነው። ኤርትራ ውስጥ ሻዕቢያን ይወጋ በነበረው የደርግ ጦር፣ በናደው ዕዝ፣ ወታደር የነበረ ሰው በመጋቢት 1980 ከአፍዓበት እንዴት እንደወጣ ያወራል። መጀመሪያ ፉከራ ነው፤ «እኔ» ይበዛል። ሸለቆው ውስጥ የተቆለፈውን የታንክ ሰልፍ የወገን አውሮፕላን ሲደበድበው «እኔ» ጠፍቶ «እኛ» ይመጣል። አንድ ምርኮኛ ላይ ሲደርስ «እኛ»ም ይቀራል፤ «ተመታ» ብቻ። ማን መታው? የለም። እስከዚያ «ወንበዴ» ሲል የቆየውንም እዚህ ላይ «ልጁ» አለው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም ቴፑን ዘጋሁ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ መቅረጽ ነውር መስሎኝ ነው። የካሴቱ ሁለተኛ ፊት ባዶ ነው።

ፉከራችን «ገዳይ»ን ማዕረግ አድርጎታል። ሟቹ በሚገባህ ቋንቋ እናቱን ሲጠራ ግን ዘራፍ የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ «ስንት ገደሉ?» አትበሉ፤ መልሱ ወይ ፉከራ ወይ ዝምታ ነው። ስለ ጫማው፣ ስለ ኮዳው ውሃ፣ ማታ ከማን ጎን ይተኛ እንደነበር ጠይቁ። «ሻምበል» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሪፖርት ያቀርብላችኋል፤ «ጋሼ» በሉት። ጎረቤት አብሮ ከተቀመጠ ጀግንነቱ ይጨምራል፤ ሌላ ቀን ለብቻው ድገሙት። ንግግሩን ሲያቆም በልባችሁ እስከ 20 ቁጠሩ እንጂ አትናገሩ። «ያው ጦርነት አይደል» ካለ ግን ቁጥሩን ተዉት፤ ወዲያው «እንዴት?» በሉ፤ በር መዝጊያ ቃል ናት።

በ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ታፍሶ የሄደው ደግሞ ሌላ ኀፍረት አለበት። «ፈሪ ለእናቱ» እየተባለ ያደገ ሰው ቆጥ ላይ መደበቁን አይነግራችሁም። የደበቀችውን እኅቱን ጠይቁ።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። «ተመታ»ን «መታነው» ብላችሁ አታቃኑ፤ ዝምታውንም በሰከንድ ጻፉት። እናንተ ግን ሦስት ደቂቃ ቆርጣችሁ በስልክ መልቀቅ ትወዳላችሁ፤ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ዝምታው ነው።

ለተማሪዋ እንዲህ አልኳት፦ አባትሽን አንቺ አትጠይቂው። ልጁ ፊት አባት ነው የሚሆነው። ቡናውን አፍይና መቅረጫውን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ ከቤት ውጪ።