ድርብ ሉፕን ወደ ፓራለል ስለ መቀየር፦ የውስጠኛውን ቆጣሪ ይመልከቱ

‹‹የሙቀት ስርጭት የማሰላበትን ድርብ ሉፕ (ሉፕ ውስጥ ያለ ሉፕ) በኦፕን ኤምፒ (ሥራን ለብዙ ኮሮች በሚያከፋፍለው የፕሮግራም መሣሪያ) ወደ ፓራለል ብቀይረው ጭራሽ ከቀድሞው ዘገየብኝ፤ ውጤቱንም አላምነውም›› ላሉት አባላችን፦ እኔም በማስተርስ ጥናቴ ጊዜ እዚሁ ማጥ ውስጥ ገብቼ ስለ ወጣሁ፣ ኮድዎን ሳላየው የእኔው ዓይነት ነው ብዬ እገምታለሁ።

1ኛ፦ ሉፑን የሚያከፋፍለውን የኦፕን ኤምፒ ትእዛዝ ከውስጠኛው ሉፕ አንሥተው ከውጨኛው ራስ ላይ ያድርጉት። ውስጠኛው ላይ ከሆነ ትሬዶቹ (ሥራውን ጎን ለጎን የሚካፈሉት የፕሮግራሙ ክሮች) አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ቆመው ይጠባበቃሉ፤ 2000 ረድፍ ካለዎት በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ 2000 ጊዜ ማለት ነው። የውጨኛው ሉፕ ዙር ከኮሮቹ ቁጥር ካነሰ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የኦፕን ኤምፒ ስሪት 3.0 የተጨመረው ኮላፕስ (collapse) ሁለቱን ሉፖች እንደ አንድ ረጅም ሉፕ አድርጎ ያከፋፍልልዎታል።

2ኛ፦ የውስጠኛውን ሉፕ ቆጣሪ ይመልከቱ። እኔን ሁለት ሳምንት ያስከፈለኝ እርሱ ነው። የወረስሁት ኮድ በፎርትራን የተጻፈ ነበር፤ በፎርትራን በፓራለል ክልል ውስጥ ያለ የሉፕ ቆጣሪ ማንም ሳያዝዘው ለእያንዳንዱ ትሬድ የግሉ ይሆናል። ወደ ሲ ስገለብጠው እንደ ልማዴ የውጨኛውን ቆጣሪ አይ (i)ንና የውስጠኛውን ቆጣሪ ጄ (j)ን ከፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ አወጅኋቸው። በሲ ግን የግል የሚሆነው ትእዛዙ በቀጥታ የሚመለከተው ሉፕ ቆጣሪ ብቻ ስለሆነ ጄ የጋራ ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ትሬድ ረድፉን ሳይጨርስ ሌላው ጄን ወደ ዜሮ ይመልስበታል፣ ወይም ወደ ፊት ይገፋበታል። በአንድ ትሬድ ሳስኬደው ሙቀቱን የማሰላለት ሳህን መካከል 47.3 ዲግሪ ነበር፤ በስምንት ሳስኬደው 45.1፣ ወዲያው ስደግመው 46.8 አወጣልኝ።

እኔም ኮዴን መጠርጠር ሲገባኝ ማሽኑን ጠረጠርሁ። ሰርቨሩን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ሄጄ ሜሞሪው ሳይበላሽ እንዳልቀረ ብናገር፣ ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ‹‹ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ አንተ ሒሳብህን አስተካክል›› አለኝ፤ ኮር ያለ አግባብ ይዘሃል ብሎም አካውንቴን ሦስት ቀን ዘጋብኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው። ስሕተቱን ያገኘሁት ግን ማንም ሳይረዳኝ ነው፦ ትእዛዙ ላይ ‹‹ዲፎልት ነን›› (default(none)) ብጨምር፣ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱ ቫሪያብል የግል ይሁን የጋራ እንድገልጽ አስገደደኝ፤ በመጀመሪያ የጮኸውም በጄ ላይ ነበር። ጄን በፎር (for) ሉፑ ቅንፍ ውስጥ ሳውጀው ውጤቱ ወደ 47.3 ተመለሰ፣ 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውም በ11 ደቂቃ አለቀ።

ሦስተኛውን ልረሳው ነበር፦ አዲሱን ዋጋ በዚያው አሬይ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ላይ በጋውስ ሳይደል ዘዴ የሚጽፉ ከሆነ፣ አንዱ ነጥብ የጎረቤቱን አዲስ ዋጋ ስለሚጠብቅ ዲፎልት ነንም አያድንዎትም። ሁለት አሬይ ይዘው ከአሮጌው እያነበቡ በአዲሱ ላይ እየጻፉ በጃኮቢ ዘዴ ያስሉ፣ ወይም ነጥቦቹን እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀይና ጥቁር አድርገው ከፍለው መጀመሪያ ቀዮቹን፣ ከዚያ ጥቁሮቹን ያስኬዱ።