መልስ፦ ከአፕዴት በኋላ የተንቀረፈፈ ኡቡንቱ ላፕቶፕ

ወንድሜ፣ ኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ያለውና በኡቡንቱ (በሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የሚሠራው ላፕቶፕህ አፕዴት ካደረግክ ወዲህ ማውሱ እየተጎተተ፣ ፋኑም እያጓራ እንዳስቸገረህ ጽፈሃል። ራም ለመግዛት አትቸኩል። በአንድ ቀን የመጣ ድካም ስለሆነ እኔ የምጠረጥረው የግራፊክስ ድራይቨሩን (ሲስተሙን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) ነው።

ሴቲንግስ ከፍተህ አባውት ውስጥ ግራፊክስ የሚለውን እይ። ኤልኤልቪኤምፓይፕ (llvmpipe) የሚል ካገኘህ፣ ስክሪኑን የሚስለው ካርዱ ሳይሆን ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ነው። ጭነት ተሸክሞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን እንደሚወጣ አይሱዙ ቢያቃስት አይፈረድበትም!

ብዙ ጊዜ ከአፕዴት ጋር አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ይገባና ድራይቨሩ ለእሱ ሳይዘጋጅ ይቀራል። ላፕቶፑን ሪስታርት አድርገህ ሲነሳ ኢስኬፕን ተጫን። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጥ። በእሱ ከፈጠነልህ ጥፋተኛው ተይዟል። ከዚያ በአዲሱ ከርነል ተመለስና አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለው ፕሮግራም ገብተህ ቴስትድ የሚል የተጻፈበትን ድራይቨር ኢንስቶል አድርግ።

እዚህ ጋ ተጠንቀቅ። ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር የሚያግደው መከላከያ) ከበራ የይለፍ ቃል ፍጠር ይልሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ የሚጠብቅህ 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ቶሎ አንድ ቁልፍ ነካ አድርገህ ኢንሮል ሞክ (Enroll MOK፣ የድራይቨሩን ፊርማ መመዝገቢያ) የሚለውን ምረጥና ያንኑ ቃል አስገባ። እኔ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቡና ልቀዳ ዞር ስል አልፎኝ፣ ድራይቨሩ ለምን እምቢ እንዳለ ሳይገባኝ ሁለት ቀን ስታሽ ከርሜያለሁ።

አፕዴቱ መብራት ጠፍቶ መሃል ላይ ተቋርጦብህ ከነበረ ግን፣ ከሁሉ በፊት ከዚያው ከአድቫንስድ ኦፕሽንስ ሪከቨሪ ሞድ ግባና ዲፒኬጂ (dpkg፣ የተበላሹ ፓኬጆችን የሚጠግነውን) የሚለውን አስኪድ። ግራፊክስ ላይ ያየኸውን ጻፍልኝ።