ዕጢ ያወጡት አይጦችና የልጆች ገንፎ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ጂኤምኦ (ዘረመሉ የተለወጠ) በቆሎ በልተው ትልልቅ ዕጢ ያወጡ አይጦች ፎቶ ተላከልኝ። ከዚያ ወዲህ ለልጆቼ የበቆሎ ገንፎ ማብላት ፈራሁ። እውነት ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶው ሐሰት አይደለም፤ ካንሰሩን ያመጣው በቆሎው ነው ለማለት ግን አያበቃም። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሴራሊኒ የሚመራ ቡድን ነው። 200 አይጦችን ወስደው ለአብዛኞቹ ኤንኬ603 የተባለውን ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ፣ ራውንድአፕ የተባለውን ፀረ አረም ወይም ሁለቱንም እየሰጡ ሁለት ዓመት አቆዩአቸው።

ችግሩ ከአይጡ ዘር ይጀምራል። ስፕራግ ዳውሊ የሚባለው ይህ ዘር ምንም ይብላ ምን ሁለት ዓመት ሲጠጋው ዕጢ ማውጣት ይቀናዋል፤ ሴቶቹ በተለይ ጡታቸው ላይ። እንግዲህ ምግብ ያመጣውን ዕጢ እርጅና ካመጣው ለመለየት ብዙ አይጥ ያስፈልጋል። የካንሰር ጥናት መመሪያው በየምድቡ ቢያንስ 50 ወንድና 50 ሴት ይጠይቃል፤ እዚያ የነበሩት 10 ወንድና 10 ሴት ናቸው። ዘጠኝ ምድቦች ሲፈተኑ በቆሎውም ፀረ አረሙም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ የቀረው አንድ ብቻ ነው። የዚያ ምድብ አይጦችም ዕጢ አውጥተዋል፤ የእነሱ ፎቶ ግን አልታተመም፤ ይህ አንባቢን ያሳስታል። መጽሔቱ በ2013 ጽሑፉን ሰረዘው፤ በ2014 ሌላ መጽሔት መልሶ አተመው።

ያው በቆሎ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በየምድቡ 50 ወንድና 50 ሴት አይጦች ተመድበው ለሁለት ዓመት እንደገና ተፈተነ። በ2018 በወጣው ውጤት ከበቆሎው የመጣ ጉዳት አልተገኘም።

እንዲህ ያለ የአይጥ ፈተና እንዲታመን መኖው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የተለወጠውና ዘሩ የሚቀርበው ያልተለወጠ በቆሎ ጎን ለጎን ይዘራሉ፤ አለበለዚያ የአፈርና የዝናብ ልዩነት የዘረመል ለውጥ ይመስላል። ከመኖው ውስጥ በቆሎው 11 ወይም 33 በመቶ ይሆናል። ከዚያ እጅግ ቢበዛ ምግቡ ሚዛኑን ይስትና አይጡ የሚከሳው ከመርዝ ሳይሆን ከምግብ እጥረት ይሆናል። የሻጋታ መርዝም አስቀድሞ ይለካል። ከዚያ በተለመደው የ90 ቀን ፈተና የአይጦቹ ክብደትና የሚበሉት መጠን በየሳምንቱ ይመዘናል፤ በመጨረሻ ደማቸው፣ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይመረመራል።

አለርጂን ግን አይጥ አብልቶ በደንብ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አዲሱ ፕሮቲን ከሚታወቁ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖች ጋር ይነጻጸራል፣ በጨጓራ አሲድና ኢንዛይምም ቶሎ መፍረሱ ይታያል።

ገንፎውን ያብሏቸው። ይልቅ ሻጋታውን ይፍሩ፤ በ2004 ኬንያ ውስጥ 125 ሰዎች የሞቱት አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ባለበት በቆሎ ነው፣ ማብሰልም መርዙን አያጠፋውም። ከአገር ቤት የተላከልዎት ዱቄት እርጥበት ከነካው ወይም ከሸተተ ይድፉት። ልጅዎ በቆሎ በልቶ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው 911 ይደውሉ።