አጎትሽን በግማሽ ስሚያቸው

«ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከሸረሪት ድርና ከመሳሰሉት ተምሮ ሰው ሠራሽ ፖሊመር (ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት) መንደፍ ልቤን ወስዶታል። አጎቴ ግን ‹ይሄ እንጀራ አይሆንሽም፣ ኮምቦልቻ ወርደሽ ፋብሪካ ተቀጠሪ› ይለኛል። ላብራቶሪያችንም እንደምታውቀው ነው። ምን ትመክረኛለህ?» ብለሻል።

እህቴ፣ አጎትሽን በግማሽ ስሚያቸው። «ፖሊመር ነዳፊ» በሚል ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ እኔም አገር ውስጥ አይቼ አላውቅም። ግን ፋብሪካና ሕልምሽ ተጣልተዋል ያለሽ ማነው? ሰው ሠራሽ ፖሊመር የሆነው ናይሎን እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራው ዱፖንት በሚባል ኩባንያ ላብራቶሪ፣ በዋላስ ካሮተርስ ቡድን ነው። ሐር ውስጥ ያለው አማይድ የተባለው ቦንድ (የአተሞች ትስስር) ናይሎን ውስጥም አለ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲበጠስ በዓይንሽ ታያለሽ። ለምን እንደተበጠሰ መጠየቅ ያንቺ ፋንታ ነው።

ወደ ሸረሪቷ ልመለስ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን አይደል? ድሩ ውስጥም ነገሩ እንደዚያው ነው። የፕሮቲን ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን የሚይዛቸው የሃይድሮጅን ቦንድ አንድ በአንድ ሲታይ ደካማ ነው። ብዙ ሆኖ በጥቃቅን ክሪስታሎች ውስጥ ሲደረደር ግን ይጠነክራል። በክሪስታሎቹ መካከል ያለው ልል ክፍል ደግሞ ይለጠጣል። ድሩ ጠንካራም ተለጣጭም የሆነው በዚህ ነው። ነዳፊ የሚኮርጀው ይሄን አደራደር ነው፤ ሸረሪቷን ራሷን መሥራት አይጠበቅበትም።

የላብራቶሪውን ነገር ግን ሰበብ አታድርጊው። ተልባ ዘፍዝፊ። ዝልግልጉ ውሃ የያዘ የተፈጥሮ ፖሊመር ነው። ዳይፐር ቅደጂና ነጩን ዱቄት አራግፈሽ ውሃ ጨምሪበት፤ ጄል ይሆናል። ይሄኛው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው፣ ሰው ሠራሽ። (ሱቅ ገብተሽ ዳይፐር ስትጠይቂ ባለሱቁ ቢያፈጥብሽ አትደንግጪ።) አሁን ሁለቱም ላይ ጨው ነስንሺ። የዳይፐሩ ጄል የያዘውን ውሃ እየለቀቀ ይኮማተራል። ተልባውስ? በስንት ግራም ጨው? ሚዛንና ደብተር ካለሽ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ እጅሽ ላይ ነው።

ይሄን የምልሽ ብዙ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ስላነበብኩ ነው። አብዛኛው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» ብሎ ይጀምራል፣ እኔም እዚያው ላይ ያዛጋኛል። «ጨው ስጨምር ይሄ ሆነ፣ ምክንያቱን እንዲህ ጠረጠርኩ» የሚል ቢመጣ ግን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ለፕሮፌሰርም ስትጽፊ አምስት መስመር ይበቃሻል።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪሽን አጥብቀሽ ያዢ። መብራት ባልጠፋበት ማታ ደግሞ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተለማመጂ፤ ከዚያ ግሮማክስን ሞክሪ። የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

አጎትሽን ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ «እሺ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ግን ለክረምት ልምምድ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል የሚያስገባኝ የሚያውቁት ሰው አለ?»