የታመመው ጆሮዬ፣ ፎቶ የሚነሳው ጭንቅላቴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከድሬዳዋ ከዚራ ነው የምጽፍልዎ። ዕድሜዬን በባቡር ጥገና ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁለቱም ጆሮዬ ቀስ በቀስ እየደነቆረ ነው። የልጅ ልጄ ስትጠራኝ አልሰማትም። ሐኪም የጭንቅላት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ ምስል) አዘዘልኝ። ጭንቅላቴን ለምን?

መልስ፦ አባቴ፣ ድምፅ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቭ ነው። ኤምአርአይ በዚያ ነርቭ ላይ ዕጢ በቅሎ እንደሆነ፣ ወይም በጭንቅላት ውስጥ ከተደጋጋሚ ደም መፍሰስ የተረፈ፣ ከደሙ የመጣ ብረት አንጎልንና ያንን ነርቭ ሸፍኖ እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱም ብዙ አያጋጥሙም፤ እኔ በእርስዎ ይበልጥ የምጠረጥረው የመዶሻውን ጩኸት ነው። የመስማት ልኬት ካልተሠራልዎ አስቀድመው ያሠሩ። አንድ ነገር ግን አደራ! ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ብረት ሲቆርጡ ዓይንዎ ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ድሮም ቢሆን፣ ከመግባትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ።