«ይለቃል እኮ!»፦ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ጊዜያዊ ንቅሳት

ጥያቄ፦
መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ20 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ነው። ለዘንድሮ ጥምቀት እኔና ጓደኞቼ ቤት ውስጥ ጊዜያዊ ታቱ እየሠራን ነው። ሥዕሉን በማርከር ወረቀት ላይ እንሥልና አልኮል የነካ ቆዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ከዚያ ፓውደርና ሄር ስፕሬይ እናደርግበታለን። አራት አምስት ቀን ቆይቶ ይለቃል። እኔ አንገቴ ላይ መስቀል ሠራሁ። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ክንዷ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ልትሠራ አስባለች። እናቴ የኔን ስታይ በጣም ተቆጣች። «ኦሪት ላይ ተከልክሏል» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ አናወራም። ግን አያቴ እኮ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች! የሷ እስከ መቃብር አብሯት ይሄዳል፤ የኔ ግን ይለቃል። ታዲያ የኔ እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ደግሞስ ቀለሙ ሳይጠፋ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ «ይለቃል» ብለሻል። ይህችን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይሏታል። የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ይሏታል። ለሠርግ የሚዘጋጁ ሙሽሮችም ይሏታል። «መምህር፣ ይለቃል እኮ!» ይሉኛል፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ለብዙ ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ብዙ ልጆቻችን ኃጢአትን በቆይታው ይለኩታል። ለአንድ ሳምንት ከሆነ ቀላል፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ከባድ አድርገው ያዩታል። ስድብ ከአፍ ወጥቶ እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የሰማው ሰው ግን ስንት ዓመት ይዞት ይኖራል? የአያትሽ መስቀል ደግሞ ምናልባት 60 ዓመት ቆይቷል። ስለቆየ ብቻ በደል አልሆነባቸውም። የአንቺም ስለሚለቅ ብቻ ነጻ አይሆንም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ምን ሣልሽ? ለምን ሣልሽው? የሣልሽው ነገርስ የማን ነው?

መጀመሪያ እናትሽ ስላነሡት ቃል ልንገርሽ። ዘሌዋውያን 19፥28 ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ ገላን መነቀስ የሚከለክለውን። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨት ይከለክላል። ሁለቱ አብረው የመጡት በምክንያት ነው። በእስራኤል ዙሪያ የነበሩ አሕዛብ ለሙታንና ለጣዖት ሲሉ ገላቸውን ያቆስሉ ነበር። በቀርሜሎስ ተራራ የበኣል ነቢያት ደማቸው እስኪፈስ ሰውነታቸውን ሲቧጭሩ የምናነበው ይህንኑ ነው (1ኛ ነገሥት 18፥28)። እግዚአብሔር ሕዝቡን «እናንተ የእኔ ናችሁ፤ ገላችሁን ለሌላ አምላክና ለሙት አትስጡ» እያላቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ይህን ጥቅስ በወጣት ልጅ ላይ የሚያነሣ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ፊቱን ሲነጭ አይቻለሁ። በእኛ አገር ፊት መንጨት የሐዘን ወግ ሆኖ ኖሯል። ክልከላው ግን እዚያው ቁጥር ላይ ነው ያለው፤ ያውም በመጀመሪያ። ለልጆቻችን ግማሹን ቁጥር እያነበብን ስንቆጣ ልጆቹ ቀሪውን ራሳቸው ያገኙታል። ያኔ አያምኑንም።

ይህን ያልኩት በመርፌ ተነቀሺ ለማለት አይደለም። አልመክርሽም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን፣ የራሳችንም እንዳልሆንን ይነግረናል (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19)። ቤተ መቅደስን ማንም እንደፈለገው አይጽፍበትም።

«ታዲያ አያቴስ?» ትይኛለሽ። የእኔም እናት ግንባሯ ላይ መስቀል ነበራት። አንገቷም ዙሪያውን የተነቀሰ ነበር። በልጅነቷ አንዲት ጎረቤት በእሾህና በኩራዝ ጥላሸት እንደ ነቀሰቻት ትነግረን ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት የግንባሯን «ክርስቲያን መሆኔ እንዲታወቅ» አለችኝ። የአንገቷን ግን «እሱ ለውበት ነው፣ ልጄ» አለችኝ። አልዋሸችኝም። በዚያ ዘመን ድዷን የምትነቀስም ነበረች፤ እንቅርት ይከላከላል ብላ አንገቷን የምትነቀስም ነበረች። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትተን «የአባቶች ሥርዓት» ብንለው ልክ አይሆንም። ሁሉንም «ኃጢአት» ብንለውም እናቶቻችንን እንበድላለን። የግብፅ ክርስቲያኖች ዛሬም ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ። ያቺ መስቀል ብዙዎቹን ዋጋ አስከፍላቸዋለች። ማንነታቸውን ደብቀው ማለፍ በሚችሉበት ቦታ እንኳ እንዳይደብቁ አድርጋቸዋለች። አንቺ አንገትሽ ላይ የሣልሽው ከዚህ ጋር አንድ ነው? ራስሽን በእርጋታ ጠይቂው። ለእኔ መመለስ የለብሽም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ይህ ከሁሉም በላይ ስላሳሰበኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ ገደማ፣ አንዲት ልጅ ወደ እኔ መጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ምስለ ፍቁር ወልድ ተሥሎ ነበር፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ለበዓሉ ቤት ውስጥ በጓደኞቿ እጅ የተሠራ ነው። በዓሉ አለፈ፤ ቀለሙም መላላጥ ጀመረ። የጌታችን ፊት ጠፍቷል። የእመቤታችን አንድ ዓይን ብቻ ቀርቷል። «መምህር፣ በሳሙና ልፈትገው ሳፋ ፊት ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ውሃውንስ የት ልድፋው?» አለችኝና አለቀሰች። እኔም ቶሎ የምመልስላት ነገር አጣሁ።

ልጄ፣ እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ቀና ብለሽ ጣሪያውን አይተሻል። እነዚያ የመላእክት ፊቶች ከላይ ሆነው ያዩሻል። ሰው እዚያ ቆሞ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ማንም «ዝም በል» ብሎት አይደለም። ቅዱስ ሥዕል ቦታ አለው። መጋረጃ አለው። ዕጣን ይታጠንለታል። በፊቱ ይሰገዳል። ላብ የሚነካው፣ አብሮሽ ሽንት ቤት የሚገባ፣ በመጨረሻም በሳሙና ተፈትጎ ቱቦ ውስጥ የሚፈስ አይደለም። መስቀልም እንደዚሁ ነው። መስቀል ከተሳለምሽ በኋላ ጥለሽው አትሄጂም።

ስለዚህ መከላከያዬ ነው ያልሽው ነገር ራሱ ነው ችግሩ። ለአበባ ሥዕል መልቀቁ ደግ ነው። ዛሬ ታየ፣ ነገ ታጠበ፤ ማንም አይጎዳም። መስቀልን ግን እንደሚለቅ እያወቅሽ፣ ለአምስት ቀን ብለሽ ስትሥይው፣ ከመጀመሪያው የሚታጠብ ነገር አደረግሽው። ያንቺ ሐሳብ ይህ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በዓሉን ወደሽ ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ካሜራው ከሰው እኩል ሆኗል። ወጣት ሆኖ አምሮ መታየት የማይፈልግ የለም። ግን መስቀሉን ለፎቶ አታውሺው። ማተብ አለሽ አይደል? መስቀል እሰሪበትና አንገትሽ ላይ ይዋል።

አበባውንስ? ሐረጉንስ? በዚህ አላስጨንቅሽም። እናቶቻችን የእንሶስላ ሥር ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን ሲያቀሉ ኖረዋል። ለሠርግ ሂና የሚቀቡም አሉ። ይህ ጌጥ ነው፤ በልክ ይሁን እንጂ ጌጥ ኃጢአት አይባልም። ቅዱስ ጴጥሮስ ለሴቶች ሲጽፍ ከውጭ ጌጥ ይልቅ የዋህና ዝግተኛ መንፈስን ያስቀድማል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4)። ቅደም ተከተሉን ነው የነገረሽ። ትርጉሙን የማታውቂውን ምልክትና የማታነቢውን የባዕድ ፊደል ግን ስላማረሽ ብቻ ገላሽ ላይ አታኑሪ።

ስለ ጤናሽም ዝም ማለት አልችልም፤ ቤተ መቅደስ ያልኩሽ ገላ ነውና። ማርከር ለወረቀት እንጂ ለቆዳ አልተሠራም። አልኮልና ሄር ስፕሬይ በቀላሉ እሳት ይይዛሉ። በከተራ ማታ ደግሞ በየቦታው ጧፍ ይበራል፤ እሱን ተቀብታችሁ ወዲያው ጧፍ አጠገብ እንዳትቆሙ። ከሁሉም የከፋው «ጥቁር ሂና» የሚሉት ነው። እውነተኛው ሂና ቅጠል ነው፤ ቀለሙም ወደ ቀይና ቡና ዓይነት ያደላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ስላለበት ነው። ቆዳን ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል፤ ጠባሳም ሊተው ይችላል። አንድ ወጣት ክንዱን አሳይቶኝ ያውቃል። ቀለሙ ጠፍቷል፤ ሥዕሉ ግን በቁስል ተጽፎ ቀርቷል። ይለቃል ብለውት ነበር።

ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። መስቀል አንገቴ ላይ ልሣል ያልሽው ምን ጎድሎሽ ነው? በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ ካህኑ ቅብዐ ሜሮን በሚባለው ቅዱስ ዘይት አትሞሻል። ከግንባርሽ ተነሥቶ እስከ እግርሽ 36 ቦታ ላይ በመስቀል ምልክት ቀብቶሻል። ያን ቀን እናትሽ ታቅፈውሽ ነበር። አንቺ አታስታውሺውም፤ በመስታወትም አይታይሽም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለቤዛ ቀን የታተማችሁበትን ቅዱሱን የእግዚአብሔርን መንፈስ አታሳዝኑ ይላል (ኤፌሶን 4፥30)። እስከዚያ ቀን የሚቆይ ማኅተም አለሽ ማለት ነው። ምን ያህል ልጆች ይህን ሳያውቁ ያድጋሉ! ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ስለ ጾምና ስለ አለባበስ ደጋግመን ነገርናችሁ፤ ስለ ሜሮን ግን አንድ ቀን አንሥተን ተውነው። በኢሳይያስ 49፥16 እግዚአብሔር ለጽዮን በእጄ መዳፍ ቀርጬሻለሁ ይላታል። ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። እኛ ስሙን ቆዳችን ላይ ልንጽፍ ስንታገል እርሱ ቀድሞ እኛን በእጁ ጽፎናል።

ስለ ቁርባን ለጠየቅሽው መልሴ አጭር ነው። በቆዳ ላይ የቀረ ቀለም ከሥጋ ወደሙ አይከለክልም። አንዲት ልጅ የሂና ቀለም አልለቅ ብሏት በድንጋይ ስትፈትግ እጇን አድምታ፣ ከቁርባንም ቀርታ አውቃለሁ። ማን እንደከለከላት ስጠይቃት «ማንም፤ ራሴ ነኝ» አለችኝ። እግዚአብሔር ልብን ያያል (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)። ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶቻችንም ሲቆርቡ ነው የኖሩት። ለንስሐ አባትሽ ነገሩን ንገሪያቸውና እሳቸው እንደሚሉሽ አድርጊ።

እኔን ከቀለሙ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን «በደንብ አናወራም» ያልሽው ነው። ጌታችን መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስታውስ ሂድና አስቀድመህ ታረቅ ብሏል (ማቴዎስ 5፥23-24)። እናትሽ ጥቅሱን ሙሉውን አልነገሩሽ ይሆናል። ቁጣቸውም በዝቶ ይሆናል። ግን የተቆጡት ስለሚወዱሽ ነው። ልጃቸው ከእጃቸው ልታመልጥ ነው ብለው ፈርተዋል። ዛሬውኑ ግቢና ጉልበታቸውን ስመሽ «እማዬ፣ ይቅርታ» በያቸው። ስለ ቀለሙ መከራከሩን ተይው።

የአንገትሽን መስቀል እስኪላላጥ አትጠብቂ። ጥጥ በዘይት አርሰሽ ቀስ ብለሽ አንሺው፤ ቆዳሽን አትፈትጊ። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ውሃውን፣ ክንዷ ላይ ምስለ ፍቁር ወልድ ለነበረባት ልጅ በኋላ እንዳልኳት፣ ከዛፍ ሥር፣ እግር ከማይረግጠው ቦታ ድፊው። ጥጡንም እዚያው ቅበሪው። ጓደኛሽን ዛሬውኑ ፈልጊያት፤ የእመቤታችንን ሥዕል ገና አልሠራችም ብለሻልና ከከተራ በፊት ንገሪያት። ስታወሪያት አታሳፍሪያት። ማታ ደግሞ ቡና ሲፈላ አያትሽ አጠገብ ተቀመጪ። የግንባራቸውን መስቀል ማን እንደ ነቀሳቸው፣ ስንት ዓመታቸው እንደ ነበር፣ አመማቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። እናትሽም ባሉበት ይሁን።